አዲሱን ፓርቲ ሄጄ አየሁት፦ ደንቡ፣ ቢሮውና የጫማ ካርቶኑ

ጥራዟን በ30 ብር ገዛኋት። ፕሮግራሙና መተዳደሪያ ደንቡ አብረው የታተሙባት፣ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት። ሽፋኗ ስስ ነው፣ ፊደሏ ደቃቅ ነው። መብራት በጠፋበት ማታ በስልኬ ብርሃን ሳነባት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር አነበብኳት፤ አንዳንዱን አንቀጽ ሁለቴ። ከዚያ ቢሮአቸው ሄድኩ፣ ስብሰባቸውም ላይ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ሌላውም ሰው አውቆት እንዲሄድ ነው።

የፓርቲውን ስም አልጠራም። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር አለ፤ ወሬው ስሙ ላይ እንዲሆን አልፈልግም፣ ሥራው ላይ ይሁን። አዲስ ነው፣ በዜግነት ላይ የቆምኩ ነኝ ይላል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሮ ከፍቷል። ይህ ይበቃል።

ፓርቲ እንደ ሱቅ ይገመገማል ወይ የሚል ይኖራል። ለምን አይገመገምም? ስምህን ይጠይቅሃል፣ በወር መዋጮ ይጠይቅሃል፣ ቅዳሜህን ይወስድብሃል፣ ነገ ደግሞ ድምፅህን። እኛ እዚህ በግ ስንገዛ እንኳ ላቱን ሳንዳብስ፣ ጥርሱን ሳናይ ብር አናወጣም። አገር እመራለሁ የሚለውን ደግሞ ከበግ የበለጠ ማየት አለብን።

መጀመሪያ ቢሮውን ልንገራችሁ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ዝግ ነበር። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው ይላል። እኔ 4 ሰዓት ላይ በዚያ የጥር ብርድ ቆሜአለሁ። ጎረቤት ጀበና ቡና የምታፈላው ልጅ «አንዳንዴ ነው የሚመጡት» አለችኝ። ይሄ ቀላል ጥፋት አይደለም። ከሞላሌ ወይ ከመሐል ሜዳ ተሳፍሮ የመጣ ሰው ቢሆንስ? ለሕዝብ ተጠያቂ ነኝ የሚል ድርጅት መጀመሪያ በሩ ላይ የጻፈውን ሰዓት ያክብር።

በሦስተኛው ተሳካልኝ። የተቀበለኝ አንድ ወጣት ነው፤ ከፔርሙስ የጦስኝ ሻይ ቀዳልኝ። ከሁሉ የወደድኩለት የአባልነት ፎርሙን ቶሎ ብሎ አለማውጣቱን ነው። ዳኛ፣ ፖሊስ ወይ የመከላከያ ባልደረባ መሆን አለመሆኔን ጠየቀኝ፤ ሕጉ እነሱን የፓርቲ አባል እንዳይሆኑ ይከለክላል። ከዚያ «መጀመሪያ ደንቡን ያንብቡት፣ ጥያቄ ካለዎት ይምጡ፣ ፎርሙ የትም አይሄድም» አለኝ።

አባቴ ትዝ አለኝ። እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ማታ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። አባቴ አላነበበውም፣ ማንም አላነበበለትም፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። የአንድ ድርጅት አባል መሆኑን ያወቀው መዋጮ ሲጠየቅ ነው። ካደግሁ በኋላ «ምን ላይ ነበር የፈረምከው?» ስለው «ሰው ሁሉ ፈርሟል» አለኝ። ሌላ መልስ አልነበረውም።

ይሄ ነገር ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በአዋጅ 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000። ቁጥሩ እስኪሞላ ድረስ ፊርማ ማሳደድ አለ፤ ፊርማ የሚያሳድድ ሰው ደግሞ ሰውየውን ማስረዳት ጊዜ ይወስድበታል። ያ ወጣት ጊዜውን ወስዶልኛል። እግዜር ይስጠው።

ወደ ጥራዟ ልመለስ። ፕሮግራሙ ላይ ብዙ አልቆይም። የሕግ የበላይነት፣ የዜጎች እኩልነት፣ ነፃ ፍርድ ቤት፣ ነፃ ሚዲያ፤ እነዚህን ያልጻፈ ፓርቲ አላውቅም። ሕገ መንግሥቱም ከ1987 ጀምሮ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን የመግለጽ፣ 30 ላይ የመሰብሰብ፣ 31 ላይ የመደራጀት መብት ብሎ አስቀምጦታል። ጽሑፍ አላጣንም። ስለዚህ ቶሎ አልፌው ደንቡ ላይ ተቀመጥኩ። የፓርቲ ጠባይ ያለው እዚያ ነው፤ ማን ይመርጣል፣ ማን ያወርዳል፣ ገንዘቡን ማን ይቆጥራል፣ በድምፅ የተሸነፈው ሰውስ ምን ይሆናል።

በተለይ ይህችን የመጨረሻዋን ነበር የፈለግኋት። እኛ አገር ፓርቲ የመጣበትን መንገድ አስቡት። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም፣ ተመራጩ ለብቻው ይገባል ለብቻው ይወጣል። በ1977፣ በደርግ ጊዜ፣ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) ተመሠረተ፤ ፓርቲ መጣ፣ ግን አንድ ብቻ። ከዚያ ብዙ ፓርቲ ተፈቀደ። ገዥው ኢሕአዴግ ግን በራሱ ቤት የሚሠራው ዲሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት በሚለው መርህ ነበር። ውይይት ከውሳኔው በፊት ነው፤ አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን ያልተስማማውም እንደተስማማ ሆኖ ውሳኔውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ኢሕአዴግ በ2012 ፈረሰ። ልማዱ ግን አብሮት አልፈረሰም። በወላጅ ኮሚቴም፣ በእድርም፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባም አለ። «ተወስኗል» ከተባለ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው ረባሽ ነው።

የዚህ ፓርቲ ደንብ እዚህ ላይ ሌላ መንገድ ይዟል። በድምፅ የተሸነፈ አባል ውሳኔውን ማክበር አለበት፤ ሐሳቡን የመተው ግዴታ ግን የለበትም። የልዩነት ሐሳቡ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍርለት መጠየቅ ይችላል። በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና ማንሳት ይችላል። በአደባባይም መናገር ይችላል፤ በዚህ ምክንያት አይባረርም። ይህን አንቀጽ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ይሄ ለእኛም እድር ቢገባ» አለች። እውነቷን ነው።

ግን ወረቀት ወረቀት ነው። ነገሩ የለየው ስብሰባው ላይ ነው።

ቅዳሜ 3 ሰዓት ተብሎ 4 ተኩል ላይ ተጀመረ። አዳራሹ የቆርቆሮ ነው፤ ብርዱ ከውጭ አይሻልም፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። መቶ ሰው ግድም እንሆናለን። ከደብረ ሲና፣ ከመንዝ፣ ከአረርቲ የመጡ ነበሩ። እኔ በታዛቢነት ከዳር ተቀምጫለሁ። አጀንዳው የዞን አስተባባሪ ኮሚቴ መምረጥ ነው። መድረክ መሪው 9 ስም የተጻፈበት ወረቀት አወጣ፣ አነበበ፣ ከዚያ «የምትደግፉ እጅ በማውጣት» አለ። እጅ በእጅ ላይ ወጣ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ስሙ ተነቦ ሳያልቅ ነው እጃቸውን ያነሱት።

ያኔ ከኋላ አንዲት ልጅ ተነሳች። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ያቺን የ30 ብሯን ጥራዝ ገልጣ ይዛለች፤ ገጹን በጣቷ እንደያዘች ነው የምትናገረው።

«ደንባችን ምርጫ በሚስጥር ድምፅ ነው ይላል። ዕጩ ከቤቱ ይጠቆማል ይላል። ይሄ ዝርዝር ከየት መጣ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። መድረክ መሪው «እህቴ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው አለ፣ መንገዱንም ታውቂዋለሽ፣ ለዛሬ በዚሁ እንጨርስ» አላት። መንገዱን በተመለከተ ውሸት አልተናገረም። በዚህ ዘመን ሳይመሽ ቤት መግባት የሁላችንም ሐሳብ ነው። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። «እኔም ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለች።

ሰውየው ወረቀቱን አየ። ጎንበስ ብሎ አጠገቡ ካሉት ጋር ተነጋገረ። እኔ አሁን «አስቀምጧት» ይላል ብዬ ስጠብቅ ቀና አለና በማይኩ «ትክክል ናት፤ ስህተቱ የእኛ ነው» አለ። እንዲህ ያለ ቃል ከመድረክ ሲነገር ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያን ቀን ሌላ ምንም ባላይ እንኳ ለዚህ ስል እጽፍ ነበር።

ሳጥን አልነበራቸውም። አንዱ ሮጦ ከጫማ ሱቅ ባዶ ካርቶን አመጣ። ክዳኑን በምላጭ ሰነጠቁት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት፣ አገላብጠው ባዶ መሆኑን ለቤቱ አሳዩ። የደብተር ወረቀት በአራት በአራት እየቀደዱ እያንዳንዱ ላይ ማኅተም መቱ። ሚስጥር መስጫ ቦታ ጠፋ። አንዲት እናት ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡ፤ በሁለት ወንበር መካከል ተወጠረ። በዚያ ብርድ፣ በነጠላ ብቻ ቁጭ ብለው ነው ምርጫው ያለቀው። ዕጩ ከቤቱ ተጠቆመ። ሰው አንድ በአንድ ከጋቢው ጀርባ እየገባ ጻፈ፤ መጻፍ የማይችሉት ራሳቸው የመረጡት ሰው አገዛቸው። ቆጠራው ሁሉም እያየ፣ ስሙ ጮክ ተብሎ እየተነበበ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየተሰመረ ሆነ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ከተዘጋጀው ዝርዝር ላይ ከነበሩት 9 ሰዎች 4ቱ ወደቁ። በእጅ ማውጣት ቢሆን 9ኙም በአምስት ደቂቃ ገብተው ነበር።

ቆጠራው ሲካሄድ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ እጃቸውን ቀድመው ያነሱት፣ ወደኔ ዞሩ። የመንዝ ሰው ናቸው። «ጓሳን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ። ያ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት ሣራማ ደጋ። የአስቦና የጌራ ልጆች ለመቶዎች ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል፤ በኦሮምኛ ወጣት ማለት ከሆነው ቃል ጋር እንዳታምታቱት። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ጠባቂውን አለቃ የሚመርጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ አባ ቄራ ይባላል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ፤ ኋላ ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ እንደገና መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ሽማግሌው ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩኝ። «የአባ ቄራው በሬ ከገባ አባ ቄራውም ይቀጣል። እሱ ከተቀጣ ማን ይደፍራል?» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምረጥ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዝም ብሎ እጅ ማንሳትን ነው ኋላ የተማርነው» አሉኝ። አሁን ጥራዟ ላይ ያለውን ተጠያቂነት የሚለውን ምዕራፍ ሳነብ የሚመጣብኝ የአባ ቄራው በሬ ነው።

ግን ጓሳን እንዳለ ወስዶ ለፓርቲ ማልበስ አይቻልም፤ ይህንንም ለሽማግሌው ነግሬአቸዋለሁ። የጓሳ መብት በትውልድ የሚገኝ ነበር። የአስቦ ወይ የጌራ ዘር ያልሆነ ድርሻ የለውም። ዜግነት እንደዚያ አይሠራም። ደብረ ብርሃን ላይ ዛሬ ፋብሪካ ፍለጋ ከየአገሩ የመጣ አለ፤ ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚህ የተጠለለ አለ። እነዚህ ሰዎች የእኛ ጎረቤት ናቸው፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ይማራሉ። ፓርቲው በፕሮግራሙ ዜጋ ሁሉ እኩል ነው ይላል፤ ፎርሙ ግን የቀበሌ መታወቂያ ቁጥር ይጠይቃል። ሁሉን ነገሯን ትታ ሸሽታ የመጣች እናት መታወቂያ ከየት ታምጣ? ይህን ቢሮው ውስጥ ሳነሳ ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝ፤ «ይሄን አላሰብነውም» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። መጻፉ ጥሩ ነው። መፍትሔውን ግን ገና አላየሁም።

ሴቶችም ቢሆኑ ከተመረጡት 9 ሰዎች 2 ብቻ ናቸው። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ የገበያ ቀን ስብሰባ ጠርቶ ሴቶች ለምን ቀሩ ማለት አይሆንም። ቀኑን ይቀይሩት።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ በጣም ቅር ብሎኛል። ሕጉ ፓርቲ ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ በየዓመቱም ሒሳቡን አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ማቅረብ አለበት። ደንባቸውም የኦዲትና ኢንስፔክሽን ኮሚሽን አለን ይላል። እኔ የጠየቅኩት ቀላል ነገር ነው፤ የዚህን ቢሮ ኪራይ የሚከፍለው ማን ነው? «ደጋፊዎች» ተባልኩ። የትኞቹ ደጋፊዎች? «በማዕከል ነው የሚታወቀው»። ይሄ መልስ አይደለም። የእኛ ሰፈር እድር ድንኳኑን ስንት እንዳሰፋ፣ ድስቱን ስንት እንደገዛ በየዓመቱ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ገንዘብ ያዡ ማንበብ ለማይችሉት ቆመው ያነቡላቸዋል። እድር የሚችለውን ፓርቲ አልችልም ሊል አይገባም።

ሌላው የሥልጣን ዘመን ነው። ሊቀመንበሩ ከሁለት ዘመን በላይ አይመረጥም ይላል ደንቡ፤ እሰየው ብዬ ሳልጨርስ ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ጉባኤው ካመነበት ሊራዘም እንደሚችል ይናገራል። ይህች ንዑስ አንቀጽ መውጣት አለባት። ጉባኤ የሚያምንበትን ነገር ማን እንደሚያሳምነው ሁላችንም እናውቃለን። በአንጻሩ አባላት አመራሩን ከዘመኑ በፊት ማውረድ የሚችሉበትን መንገድ በግልጽ አስቀምጠዋል፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት ይችላል የሚለውን ለራሳቸው ቤት አምጥተውታል። ይህ በጣም ጥሩ ነው።

አንድ የከነከነኝ ነገር ደግሞ አለ። ጥራዟ ስለ ፓርላማ 547 መቀመጫ ብዙ ታወራለች። ስለ ቀበሌና ወረዳ ምክር ቤት ግን ሁለት መስመር ብቻ። እኛ አካባቢ ለቀበሌና ለወረዳ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠነው ለመጨረሻ ጊዜ ሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። የሰኔ 2013ቱ ምርጫ ሲደረግም የቀበሌው አልነበረበትም። ሰው መንግሥትን የሚያገኘው መታወቂያ ሊያሳድስ፣ ስለ ውሃ ሊጮህ፣ የመሬት ጉዳይ ሊጠይቅ ቀበሌ ሲሄድ ነው። ዲሞክራሲን አመጣለሁ የሚል ፓርቲ ይህን ጉዳይ ከፊተኞቹ ገጾች ላይ ማስቀመጥ ነበረበት።

ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ ካላችሁኝ 3 ተኩል። አንዷን ሙሉ ያገኙት በዚያች ልጅ ነው። ልጅቷ ራሷም ተጠቁማ ነበር፤ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች። የተመረጡትን አንድ በአንድ ጨበጠች። ከዚያ ጸሐፊው ጋ ሄዳ፣ ዝርዝሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መምጣቱና ቤቱ አለመቀበሉ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍልኝ አለች። ጸሐፊው ትንሽ አመነታ፣ ጻፈው። አነበበችና ፈረመች።

እኔም ለቢሮው ሦስት ነገር ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ስለ መታወቂያው፣ ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ንዑስ አንቀጿ። ወጣቱ በሁለት ቅጂ ተቀብሎ አንዱን ማኅተም መትቶ መለሰልኝ። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት በሩ ላይ ባለው ሰዓት አትመኑ። ጥራዟን ግዙ፣ ደንቡን ከኋላ ጀምራችሁ አንብቡ። ፎርሙ እኔ ጋ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የቢሮውን ኪራይ ማን እንደሚከፍል ጽፈው ግድግዳው ላይ ሲለጥፉ እሞላዋለሁ ብዬ ለልጁ ነግሬዋለሁ።